ወንድሜ መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ወፈረ፤ አመጋገብና እንቅስቃሴ ይመልሱታል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የ27 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬንያ የሚባል የአእምሮ ሕመም አለበት ተብሎ ኦላንዛፒን ከጀመረ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ሕመሙ በጣም ተሽሎታል። ነገር ግን 58 ኪሎ የነበረው ልጅ አሁን 81 ኪሎ ገብቷል። ቀኑን ሙሉ ይበላል፣ ይተኛል። የሰፈር ልጆች ስለሚያሾፉበት ከቤት መውጣት ትቷል፤ ሰሞኑን ደግሞ ክኒኑን ምላሱ ሥር ደብቆ ሲተፋ ደረስኩበት። እናታችን «ተዪው፣ ሰውነቱ ተመለሰለት» ትለኛለች። በአመጋገብና በስፖርት ሊቀንስ ይችላል? ወይስ መድኃኒቱን ብናቆምለት ይሻላል?

የባለሙያው ምላሽ፦

ሊቀንስ ይችላል። በዝግታ ነው፣ ብቻውንም አይወጣውም፤ ግን ይቀንሳል። መድኃኒቱን በራሳችሁ ማቆም ደግሞ አይሆንም። ከሁለቱ ጥያቄዎችዎ የሚያስቸኩለው ሁለተኛው ስለሆነ በእርሱ ልጀምር።

ኦላንዛፒን ዛሬ ቢቆም የተጨመረው 23 ኪሎ አብሮት አይሄድም፤ ሕመሙ ግን በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ሊያገረሽ ይችላል። በድንገት ማቋረጡ ራሱ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያቁነጠንጣል። ስለዚህ ቀጠሮው ቢርቅም ሳትጠብቁ ወደሚታከምበት ክሊኒክ ሂዱና ክኒኑን ምን ያህል ቀን እንደተፋ በግልጽ ንገሩ። ሐኪሙ ይህን ካላወቀ፣ ሕመሙ ሲመለስ «መጠኑ አንሶት ይሆናል» ብሎ ሊጨምርለት ይችላል። ያኔ የምትሸሹት ነገር በእጥፍ ይመጣል።

ወንድምዎን አይቆጡት። ብዙ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን ከሚተዉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ውፍረት ነው፤ ልብሱ ሁሉ ጠቦት፣ በመንገድ እየተሳቀበት ያለ የ27 ዓመት ወጣት ክኒኑን ቢጠላ አይገርምም። «ውፍረቱ እንዳስጨነቀህ አውቃለሁ፤ ለሐኪሙ አብረን እንንገረው» ቢሉት፣ አፉን ከፍቶ ምላሱን እንዲያሳይ ከማስገደድ የተሻለ ውጤት ያገኛሉ።

አሁን ወደ ውፍረቱ። ወንድምዎ ቀኑን ሙሉ የሚበላው ሆዳም ስለሆነ አይደለም። ኦላንዛፒን የሕመሙን ምልክቶች ከሚያበርድበት ሥራው ጎን ለጎን፣ ረሃብና ጥጋብን በመቆጣጠር ረገድ ድርሻ ያላቸውን የሂስታሚንና የሴሮቶኒን (በአእምሮ ውስጥ መልእክት የሚያደርሱ ኬሚካሎች ናቸው) ተቀባዮች ይዘጋል። ሆድ ሞልቶም አእምሮ «በቃኝ» የሚለውን መልእክት በወጉ አይቀበልም። በዚያ ላይ ያስተኛል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሰውነት ስኳርን የሚጠቀምበትን መንገድም ያውካል። ሕመሙም የራሱ ድርሻ አለው፤ ድምፅ መስማቱና ጥርጣሬው ከጠፋ በኋላ እንኳን የተነሳሽነት መድከም ሊቀር ይችላል። ጎረቤት ይህን ስንፍና ይለዋል። ስንፍና ግን አይደለም፣ የሕመሙ ምልክት ነው።

በማወፈር ረገድ ከአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ሁሉ የሚብሱት ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን ናቸው። ክሎርፕሮማዚን፣ ኩዌቲያፒንና ሪስፔሪዶን በመካከል ይቀመጣሉ፤ ሃሎፔሪዶልና አሪፒፕራዞል ያነሰ ይጨምራሉ። ለባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ለሚወጣበትና ለሚወርድበት ሕመም) የሚሰጡት ሶዲየም ቫልፕሮኤትና ሊቲየም፣ ለድብርት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም ያወፍራሉ። ይህን የምጠቅሰው ሌሎች አንባቢዎችም የየራሳቸውን መድኃኒት ፈልገው እንዲያገኙት ነው እንጂ፣ ከእነዚህ አንዱን ከፋርማሲ ገዝቶ በሌላው ለመተካት አይደለም።

እናትዎ የሚሉትንም በቀላሉ አልፈው አይተዉት። ልጃቸው ሕመሙ በጠናበት ጊዜ ምን እንደሚመስል ያዩት እርሳቸው ናቸው። በእኛ ከተማ የከሳ ሰው የታመመ ወይም የተራበ ነው፤ የወፈረ ሰው «አማረብህ» ይባላል። ደግሞም ከፊል እውነት አላቸው። ቁመቱን አልጻፉልኝም፤ 1 ሜትር ከ70 ቢሆን በ58 ኪሎ ጊዜ በጤናማው መጠን ውስጥ ሆኖ በዝቅተኛው ወገን ነበር፣ 81 ኪሎ ሲሆን ግን ከጤናማው ጣሪያ ዘጠኝ ኪሎ ያህል አልፏል ማለት ነው። ስለዚህ ወደ 58 መመለስ ግባችን አይሆንም። ለጊዜው የምንፈልገው መጨመሩ እንዲቆም፣ ከዚያም አራት ኪሎ ያህል እንዲወርድ ነው። አራት ኪሎ የ81 አምስት በመቶ ነው፤ ይህችው ትንሽ የምትመስል መጠን የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ማሻሻል ትጀምራለች።

«የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አመጋገብ ተቆጣጥሮ፣ ስፖርት ሠርቶ ሊቀንስ አይችልም» የሚል እምነት በሐኪሞችም ዘንድ ለረጅም ጊዜ ነበር። ይህን የፈተነ ጥናት በአሜሪካ፣ ባልቲሞር አካባቢ ተካሂዶ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ስኪዞፍሬንያ፣ ባይፖላርና ከባድ ድብርት ያለባቸው 291 ሰዎች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ለ18 ወራት በሚያዘወትሩት የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ማዕከል የአመጋገብ ምክርና የቡድን የሰውነት እንቅስቃሴ ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ በተለመደው ክትትል ቀጠሉ። በመጨረሻ በመካከላቸው የ3.2 ኪሎ ልዩነት ታየ። ከክብደታቸው አምስት በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሱት በመጀመሪያው ቡድን ከመቶ 38 ያህል ሲሆኑ፣ በሌላው ከመቶ 23 ያህል ነበሩ።

3.2 ኪሎ ብዙ አይመስልም። እኔን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀኝ አካሄዱ ነው። ጤነኛ ሰው አመጋገብ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ይቀንሳል፣ ከዚያ መልሶ ያነሳዋል። እነዚህ ሰዎች ግን ቀስ ብለው ጀምረው እስከ 18ኛው ወር መቀነሳቸውን ቀጠሉ። በአማካይ ሦስት የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች መሆናቸውንም አይርሱ። የወንድምዎን ውጤት በሁለተኛው ወር ለመፍረድ ከቸኮሉ ገና ሳይጀምር «አልሆነለትም» ብለው ይዘጉታል።

ሌላም ጥናት አለ፤ እርሱ አልተሳካለትም። በእንግሊዝ አገር 414 ታካሚዎች የተሳተፉበት ነው፣ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጣ። ትምህርቱ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአራት ሳምንት ተሰጠ፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ ማስታወሻ ስብሰባ ነበረው። ከዓመት በኋላ በተማሩትና ባልተማሩት መካከል የክብደት ልዩነት አልተገኘም። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የማነበው ይህን ነው፦ ንግግር ብቻ አያከሳም። በባልቲሞር ሰዎቹ ስለ እንቅስቃሴ ከመስማት አልፈው በሳምንት ብዙ ጊዜ አብረው ይንቀሳቀሱ ነበር። ስለዚህ በቤታችሁ «ቀንስ እንጂ፣ ተነሥ እንጂ» የሚለው ምክር ቢቀንስና አብሮ መራመዱ ቢጨምር እመርጣለሁ።

ስለ ምግብ ከመናገሬ በፊት ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ላስቀድም። በአገራችን ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ለብዙዎቹ ችግሩ ውፍረት አይደለም፤ እጦት ነው። በቡታጅራ ለዓመታት ክትትል የተደረገላቸው ታካሚዎች ከሌላው ሰው እጅግ ቀድመው ይሞቱ ነበር፤ ከሞቱት ብዙዎቹን የወሰደው ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነው። በኢትዮጵያ የተደረገ ሌላ ጥናት ላይ ታካሚዎች መድኃኒቱን የተዉበትን ምክንያት ሲጠየቁ «ረሃብ ያመጣብኛል፣ የምበላው ግን የለኝም» ብለዋል። የከሳ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ከዚህ በታች ያለው ለእርሱ አልተጻፈም።

በእናንተ ቤት መጀመሪያ የምነካው ስኳርን ነው፤ እንጀራን አይደለም። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አራት ግራም ያህል ነው። በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ፣ በእያንዳንዱ አራት ማንኪያ የሚጨምር ሰው 80 ግራም ስኳር ጠጣ ማለት ነው፤ ይህም 320 ካሎሪ ነው፣ በወር ሲደመር ከአንድ ኪሎ በላይ ስብ የሚሠራ ጉልበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ይመክራል። ለስላሳ መጠጥ ሲጨመር ደግሞ አንዷ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ብቻዋን ከ30 ግራም በላይ ትይዛለች። ወንድምዎ ለስላሳ የሚያዘወትር ከሆነ ምክንያቱን ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ አፉ ስለደረቀ ነው። ከሃሎፔሪዶል ጋር አርቴን (የሚያመጣውን መንቀጥቀጥና መገተር የሚያስታግስ ክኒን) የሚወስዱ ሰዎችም በዚሁ መድረቅ ይቸገራሉ። አፉን የሚያርሰው ውኃ ነው፤ አንድ ጠርሙስ ውኃ ሁልጊዜ አጠገቡ ይኑር፣ ሎሚ ቢጨመቅበትም ጥሩ ነው። የሻዩን ስኳር ባንድ ቀን አያጥፉበት፤ ከአራት ወደ ሦስት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሁለት ያውርዱት። ምላስ ይለምዳል።

እንጀራ ላይ ስደርስ ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በመሶብ ዙሪያ የሚበላ ሰው ምን ያህል እንደበላ እርሱም ሌላውም አያውቅም። ለብቻው በሳህን ይቅረብለት እንዳልል፣ በእኛ ዘንድ ያ መገለል ነው፤ በሽታው ያገለለውን ሰው ከመሶብም ማስነሳት ይሆናል። የሚሻለው የመሶቡን አሠራር ለሁሉም መለወጥ ነው። እንጀራው ተቆጥሮ ይቅረብ፣ ተጨማሪው ማዕድ ቤት ይቅር። መሐሉ ላይ ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ሰላጣው በርከት ይበል። ሽሮው ዘይቱ ይነስ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ስለሚጠጋ፣ ወጥ ላይ በጠርሙሱ የሚደፋ ዘይት ከሥጋ በላይ ያወፍራል። ጉርሻውን ለወንድምዎ ብቻ መንፈግ አያስፈልግም፤ «በሞቴ» እየተባለ ከጠገበ በኋላ የሚጨመረው ግን ይቅርለት። ይህን ሁሉ የሚወስኑት እናትዎ ናቸው። ስለዚህ ወደ ክሊኒክ ስትሄዱ እርሳቸውም አብረው ይግቡና ከሐኪሙ አፍ ይስሙ። «ምግብ ቀንሱበት» ከሚላቸው ሰው ይልቅ «የልጅዎን ስኳርና ግፊት የሚጠብቁት እርስዎ ነዎት» የሚላቸውን ይሰማሉ።

መክሰስ አይከልከሉት፤ ረሃቡ እውነተኛ ነው። ብስኩትና ቦምቦሊኖ በቤት አይገኝ፣ በምትኩ የተቀቀለ ሽምብራ ወይም ባቄላ፣ ካሮት፣ ሲገኝም እንቁላል ይኑር። ቆሎም ከብስኩት ይሻላል፤ ማኘኩ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን በእፍኝ እንጂ በሰፌድ አይቀመጥለት። በሶ በስኳር መበጥበጡን ተዉት።

የሌሊቱ ረሃብ ለብቻው ይታይ። ብዙ የኦላንዛፒን ታካሚዎች ክኒኑን ወስደው ከመተኛታቸው በፊት ባለው ሰዓት ኃይለኛ ረሃብ ይሰማቸዋል፤ እራት ተበልቶ ካለቀ በኋላ ማዕድ ቤት ገብተው የተረፈውን እንጀራ ይጨርሳሉ። እራቱን ወደ ክኒኑ ሰዓት ማስጠጋትና ከዚያ በኋላ ምግብ በእጅ በማይደረስበት ቦታ ማስቀመጥ ይረዳል። ክኒኑን ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት የሚወስድ ከሆነ፣ ወደ 2 ሰዓት ይምጣ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። ቶሎ ይተኛል፣ ጠዋትም መንቂያው ይቀለዋል። ጠዋት ካልነቃ ደግሞ ስለ እንቅስቃሴ መነጋገራችን ከንቱ ነው።

ስለ ጾም አልጠየቁኝም፣ ግን ጎንደር ላይ ያለ ሰው ይህን ሳይነካ ስለ ምግብ ጽፌያለሁ ማለት አይችልም። የጾም ምግብ በባሕርይው መልካም ነው፤ ጥራጥሬና ጎመን ነው። የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የተራበ ሰው በመድኃኒቱ ረሃብ ላይ ተጨምሮበት በአንድ ጊዜ የሁለት ሰው ድርሻ ይበላል፤ የሚበላውም ብዙውን ጊዜ በዘይት የተጠበሰ ነው። የንስሐ አባቱን አማክራችሁ የሚጾምበትን ሰዓት ማሳጠር ይቻላል፤ ለታመመ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሊቲየም የሚወስዱ አንባቢዎች ግን ይጠንቀቁ፦ ውኃ ሳይጠጡ መዋል፣ ብዙ ማላብና ጨውን በድንገት መቀነስ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ተጠራቅሞ እንዲመርዝ ሊያደርግ ይችላል። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ተቅማጥ፣ መንገዳገድ ከታየ ወዲያው ወደ ሐኪም ነው። ጠበል የሚሄዱም ክኒኑን ይዘው ይሂዱ።

ጠላን በሚመለከት አጭር ነኝ፦ ከዚህ መድኃኒት ጋር አይጠጣ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል ብሎ ለማክሳት የሚመክር ሰው አይጠፋም፤ የጠፋውን ድምፅና ጥርጣሬ መልሶ ሊያመጣ የሚችል ምክር ነው። «የሚያከሳ ሻይ» እየተባለ የሚሸጠውም ምን እንዳለበት የሚያውቀው ያሸገው ብቻ ስለሆነ ከዚህ ልጅ ይራቅ።

እንቅስቃሴ ሲባል ጂም አይታሰባችሁ። ለእርሱ የሚበጀው መራመድ ነው። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው፤ ወንድምዎ ግን በዚያ አይጀምር። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃዋል፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨመርበት። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ያለች የአቀበት ከተማ ናት፤ ዓመት ከመንፈቅ የተኛን ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ጎሃ ኮረብታ ማስወጣት ልቡን ማስመረር ነው። ዕድለኛ ሆናችሁ አዘዞ ከፒያሳ ይልቅ ሜዳነት አለው። ሜዳውን ከለመደ በኋላ አቀበቱ ራሱ ጥሩ ስፖርት ይሆንለታል። መጠኑ ልክ መሆኑን የምታውቁት በንግግሩ ነው፦ እየተራመደ ማውራት ከቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተው፣ ተስማሚ ነው።

የሚያሾፉትን ልጆች ማስተማር ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያው ሰዓቱን መምረጥ ይቀላል፤ ወይ በማለዳ፣ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚሳለምበት ጊዜ፣ ወይ ልጆቹ ትምህርት ቤት በሚሆኑበት ሰዓት ይውጣ። ብቻውን አይውጣ። እርስዎ ካልቻሉ የአጎት ልጅ፣ የድሮ ጓደኛ፣ አንድ የሚያከብረው ሰው ይፈለግ። «ስፖርት እንሥራ» ከሚባል ይልቅ ጉዳይ ቢሰጠው ይሻላል፦ ወፍጮ ቤት አብሮ መሄድ፣ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ዕቃ ይዞ መመለስ። ሥራ ያለው ሰው ይነሣል፤ እግረ መንገዱንም በቤተሰቡ ውስጥ የሚፈለግ ሰው ይሆናል። ይህ ለሕመሙም ይጠቅማል። መውጣት በማይመችበት ቀን በግቢ ውስጥ መመላለስ፣ ውኃ መቅዳት፣ ልብስ ማጠብ ሁሉ ይቆጠራል። ከመኝታ ሲነሣ ቀስ ብሎ ይቀመጥና ከዚያ ይቁም፤ እነዚህ መድኃኒቶች ሲነሡ ራስ ያዞራሉ። ክሎርፕሮማዚን የሚወስዱ ደግሞ ቆዳቸው በፀሐይ ቶሎ ስለሚቃጠል ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋቸዋል።

ሚዛን ላይ በየቀኑ አያቁሙት። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሚዛን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይበቃል፤ ቁጥሩንም እርሱ ራሱ በደብተር ይጻፈው። የልብስ ሰፊ ሜትር ካገኛችሁ የወገቡን ዙሪያ በወር አንድ ጊዜ ለኩ፤ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የልብና የስኳር ሥጋት ይጨምራል። አንዳንድ ጊዜ ኪሎው ሳይንቀሳቀስ ወገቡ ይቀንሳል፤ ያንንም ንገሩት።

ሦስት ወር በቅንነት ተሞክሮ ለውጥ ካልታየ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፣ የእናንተም አይደለም። ለሐኪሙ ሁለት ጥያቄ አቅርቡ። አንደኛው፣ ያነሰ ወደሚያወፍር መድኃኒት ቀስ በቀስ መዛወር ይቻላል ወይ? አንዳንዱ ሰው ይዛወራል፤ አንዳንዱ ግን በኦላንዛፒን ብቻ ስለዳነ መንካቱ ያሠጋል፣ ይህን የሚመዝነው የሕመሙን ታሪክ የሚያውቀው ሐኪም ነው። ሁለተኛው፣ ሜትፎርሚን ይጨመርለት ወይ? የስኳር በሽታ መድኃኒት ነው፣ ነገር ግን የስኳር በሽታ በሌላቸው ታካሚዎችም ከእነዚህ መድኃኒቶች የሚመጣውን ውፍረት ጥቂት ኪሎ እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል። ከመጀመሩ በፊት የኩላሊት ምርመራ ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆድ ያውካል፤ ከምግብ ጋር ይወሰዳል።

ወደ ክሊኒክ በምትሄዱበት ቀን የደም ግፊቱ ይለካ፣ ሳይበላ ሄዶም የደም ስኳሩና የደም ቅባቱ ይታይ። ኦላንዛፒን የጀመረ ሰው በመጀመሪያ፣ ከሦስት ወር በኋላ፣ ከዚያም ቢያንስ በየዓመቱ ይህን መመርመር አለበት፤ እስካሁን ካልተደረገለት ይጠይቁ፣ መብቱ ነው። እስከዚያ ግን ውኃ ጥም ከመጠን ካለፈበት፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት ከተነሣ፣ እየበላ ድንገት መክሳት ከጀመረ ወይም ዓይኑ ከደበዘዘ ደስ አይበላችሁ፤ የስኳር በሽታ ምልክት ነውና ቀጠሮ ሳትጠብቁ በአቅራቢያችሁ ባለው ጤና ጣቢያ የደም ስኳሩን አስለኩ።